ከየት ላውርደው? የማውረጃ መንገዶች በሕግም በአደጋም ሲመዘኑ

ፊልም፣ መጽሐፍ፣ ዘፈን ወይም ሶፍትዌር ፈልገን ስሙን ጎግል ላይ ስንጽፍ ብዙ በር ይከፈትልናል። አንዱ ክፈሉ ይላል። አንዱ በነፃ ውሰዱ ይላል። ቶረንት አለ፣ የቴሌግራም ቻናል አለ፣ "ሳታወርዱ እዚሁ እዩ" የሚልም አለ። መጨረሻ ላይ እጃችን የሚገባው ያው አንድ ፋይል ስለሆነ መንገዱ ለውጥ ያለው አይመስለንም። ግን አለው፤ ያውም ብዙ።

አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው "ባወርደው እከሰሳለሁ?" ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ማንም ሳይከሰው ፓስወርዱን የተዘረፈ አለ። ማንም ሳይከሰው የዓመታት ፎቶው የተቆለፈበት አለ። ስለዚህ እያንዳንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ እመዝነዋለሁ፤ አንዴ በሕጉ፣ አንዴ ይዞት በሚመጣው ጣጣ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ የሚጠይቀው ፈቃድ ነው

የቅጂ መብት መሠረቱ በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት መሠረት አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ገና ሲፈጠር ነው። ማስመዝገብ አያስፈልግም። የቅጂ መብት ምልክት ማድረግም ግዴታ አይደለም። ስለዚህ "ምንም ምልክት የለበትም፣ እንግዲያው የማንም ነው" የሚለው ሐሳብ ስህተት ነው። ጥበቃው ቢያንስ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ከሞት በኋላ 70 ዓመት ነው።

"ነፃ" የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያሳስተናል። ገንዘብ አለመክፈልና ፈቃድ ማግኘት ለየቅል ናቸው። ደራሲው በገዛ ፈቃዱ በነፃ ሊሰጠን ይችላል፤ ያ ሕጋዊ ነው። መብት የሌለው ሰው ደግሞ ገንዘብ ሊያስከፍለን ይችላል፤ መክፈላችን ሕጋዊ አያደርገውም። በወር ጥቂት ገንዘብ የዓለምን ቻናል ሁሉ የሚያሳዩ ጥቅሎች እዚህ ይመደባሉ። ከፋዮቹ ብዙ ጊዜ "እኔ እኮ ከፍዬ ነው የማየው" ይላሉ። የከፈሉት ግን ለባለመብቱ አይደለም።

ሌሎችም ከአፍ ወደ አፍ የሚዞሩ ማጽናኛዎች አሉ። "በ24 ሰዓት ውስጥ ካጠፋሁት ችግር የለውም" የሚለው በየትኛውም አገር ሕግ ውስጥ የለም። "ለትምህርት ነው" የሚለው ግን ከፊል እውነት አለው። ለትችት፣ ለጥናትና ለማስተማር ከአንድ ሥራ ላይ መጥቀስን ብዙ አገሮች ይፈቅዳሉ። የአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ አራት ነገር ያያል፦ ለምን እንደተጠቀምንበት፣ ሥራው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ያህሉን እንደወሰድን፣ ገበያውን እንደጎዳን። ሁለት አንቀጽ መጥቀስ በዚህ ሚዛን ሊያልፍ ይችላል። ሙሉውን የመማሪያ መጽሐፍ ገልብጦ መውሰድ ግን ማለፉ በጣም ያጠራጥራል።

አገር ከአገርም ይለያያል፤ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። በስዊዘርላንድ ፊልምና ሙዚቃ ለግል መጠቀሚያ ማውረድ አያስጠይቅም። ለሌላ ማጋራት ግን ያስጠይቃል። ሶፍትዌርና ጌም ከዚህ ፈቃድ ውጭ ናቸው። ኔዘርላንድስም እስከ 2014 ማውረድን ትታገስ ነበር። በዚያ ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የግል ቅጂ ፈቃድ ከሕገወጥ ምንጭ የተወሰደን አይሸፍንም ብሎ በየነና በሩ ተዘጋ። ጃፓን በ2012 ፊልምና ሙዚቃን እያወቁ ከሕገወጥ ምንጭ ማውረድን እስከ 2 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገች። ከ2021 ጀምሮ ሕጉ ማንጋን (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪኮችን) እና ሌሎች የጽሑፍ ሥራዎችንም ይዟል። ስለዚህ አንድ ሰው ከሌላ አገር ሆኖ "እኛ ጋ ምንም አይባልም" ሲል የተናገረው ስለራሱ አገር እንደሆነ እናስተውል።

ቶረንት፦ እያወረድን የምናከፋፍልበት መንገድ

በሕግ በኩል ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው። ምክንያቱ አሠራሩ ውስጥ ነው ያለው። በ2001 የመጣው ቢትቶረንት ፋይሉን ከአንድ ቦታ አያመጣም። ፋይሉ ይቆራረጥና ከብዙ ሰዎች ኮምፒዩተር ቁራጭ ቁራጩ ይሰበሰባል። እኛ ደግሞ የደረሰንን ቁራጭ ወዲያውኑ ለሌሎች እናቀብላለን። ማለትም ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ እኛ አከፋፋይ ሆነናል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። "እኔ አወረድኩ እንጂ ለማንም አልሰጠሁም" ብሎ ከልቡ ያምናል።

ሁለተኛው ነገር መታየት ነው። ፋይሉን የሚለዋወጡት ሰዎች የአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቁበት ቁጥር) ለሁሉም ተሳታፊ ግልጽ ነው። ባለመብቶች የሚቀጥሯቸው ድርጅቶች እንደማንኛውም ሰው ይገቡና አድራሻውን ከነሰዓቱ ይመዘግባሉ። ጀርመን ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። አድራሻው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከኢንተርኔት አቅራቢው ይጠየቃል፣ ከዚያ ኢንተርኔቱ በስሙ ለገባለት ሰው የጠበቃ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ፊልሙን ያወረደው እንግዳ ወይም ልጅ ቢሆንም ደብዳቤው የሚመጣው ለዚያው ሰው ነው።

ገንዘቡም ትንሽ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ባለመብቱ የደረሰበትን ኪሳራ ሳያስረዳ በአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ጣሪያው 150,000 ዶላር ይደርሳል። አንዲት የሚኒሶታ ነዋሪ 24 ዘፈኖችን በፋይል መጋሪያ ፕሮግራም አጋርታለች ተብላ ተከሳ ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 222,000 ዶላር እንድትከፍል ወሰነ። ለ24 ዘፈን! ይህን ቁጥር ሳነብ እስከ ዛሬ ያመኛል። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የተመጣጠነ አይመስለኝም። ሕጉ ግን ይሄው ነው።

"ቪፒኤን ካለኝስ?" ቪፒኤን ግንኙነታችንን በሌላ ኮምፒዩተር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት ስለሆነ አድራሻችንን ከሌሎቹ ተሳታፊዎች ይሸፍናል። ድርጊቱን ግን ሕጋዊ አያደርገውም። ለሰከንዶች ከተቋረጠ እውነተኛው አድራሻ ሊወጣ ይችላል። ነፃ ቪፒኤን ከሆነ ደግሞ የምናደርገውን ሁሉ ለማናውቀው ሰው አሳልፈን ሰጠን ማለት ነው። ቪፒኤን ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ የተሠራው ግን ለዚህ አይደለም።

ቴክኖሎጂው በራሱ ወንጀል እንዳልሆነም ልናገር። ሊኑክስ የተባለው ነፃ የኮምፒዩተር ሥርዓት ብዙዎቹ ዓይነቶቹ በቶረንት ይታደላሉ። የቆዩ ድረ ገጾችንና መጻሕፍትን የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭም ፋይሎቹን በዚሁ መንገድ ይሰጣል። ችግሩ ያለው በሚያልፍበት ነገር ላይ ነው።

ቀጥታ ማውረጃ ገጾችና የቴሌግራም ቻናሎች

እዚህ ለሌላ አናከፋፍልም። በመሆኑም የመከሰስ ዕድሉ ከቶረንት ያነሰ ነው። በብዙ አገር ሕገወጥነቱ ግን እንዳለ ነው፤ ፋይሉን ቻናል ላይ መልሰን ከለጠፍን ደግሞ ተመልሰን አከፋፋይ ሆንን።

ጣጣው ሌላ ጋ ነው። አንድ ገጽ ላይ አምስት "ዳውንሎድ" የሚል ቁልፍ ይኖራል፣ አራቱ ወጥመድ ናቸው። አንዱ ማሳወቂያ ልላክ ፍቀድልኝ ይላል። አንዱ ፊልሙን ለመክፈት ይሄን ማጫወቻ ጫን ይላል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሕግ ያዙ፦ ፊልም፣ ዘፈንና መጽሐፍ ለመከፈት አዲስ ፕሮግራም እንድንጭን አያስገድዱም። የፊልሙ ስም መጨረሻው "ኢኤክስኢ" (.exe) ወይም "ኤፒኬ" (.apk) ከሆነ ፕሮግራም ነው እንጂ ፊልም አይደለም። ዊንዶውስ የፋይልን መጨረሻ ስም ስለሚደብቅ "ኤምፒ4" የሚል አይተን ከኋላው "ኢኤክስኢ" ሊኖር ይችላል። ሙሉ ስሙ እንዲታይ ሴቲንጉን ማስተካከል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እነዚህ ገጾች ዕድሜም የላቸውም። ሜጋአፕሎድ በጥር 2012 በአሜሪካ መንግሥት ሲዘጋ ሕጋዊ የግል ፋይላቸውን እዚያ ያስቀመጡ ሰዎችም አብረው አጡ።

ኦንላይን ማየት

"አላወረድኩም፣ አየሁ ብቻ" የሚለው መከራከሪያ ለብዙ ጊዜ ሠርቷል። በ2017 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ወደ ሕገወጥ ገጾች የሚመሩ ፕሮግራሞች ተጭነውባቸው የሚሸጡ የቲቪ ሳጥኖችን ጉዳይ ሲያይ፣ ሻጩ ብቻ ሳይሆን ከእንዲህ ያለ ምንጭ ማየቱም ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ መሆኑን ተናገረ። በተግባር ተመልካችን የሚከስ ብዙም የለም። ክሱ የሚያነጣጥረው ሻጮቹና ገጾቹ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚያሳስበኝ የባንክ ካርድ ነው። "ነፃ ነው፣ ዕድሜህን ለማረጋገጥ ብቻ ካርድህን አስገባ" የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ ወዲያው ዝጉት።

ከዩቲዩብ ቪዲዮ በሌላ ገጽ አማካይነት መገልበጥም ከዚሁ ጎን ይቆማል። የዩቲዩብ ውል፣ ዩቲዩብ ራሱ ማውረጃ ቁልፍ ካልሰጠን ወይም እሱና እንደ ሁኔታው ባለመብቱ አስቀድመው በጽሑፍ ካልፈቀዱ፣ ማውረድን ይከለክላል።

ክራክ፦ በፍጹም የማልመክረው

እስካሁን ያሉትን መዝኜ "ይሄ ከዚያ ይሻላል" ማለት እችል ነበር። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ሶፍትዌር ግን ለማነጻጸር እንኳ አይመችም። ፊልም ሲከፈት ይታያል፤ ፕሮግራም ሲከፈት ይሠራል፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ያዛል። ያውም ክራኩ ገና ሲጀምር "አንቲቫይረስህን አጥፋ" ብሎ ይጠይቀናል። ሌባ በሩን ክፈትልኝ ብሎ ሲለምን እኛ ተነስተን እንከፍታለን።

ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዋናነት የተሠራጨው በክራክና የሶፍትዌር የፈቃድ ቁጥር በሚፈጥሩ ፕሮግራሞች ነው። የሰውን ፎቶና ዶክመንት ቆልፎ 980 ዶላር ይጠይቃል፣ ፈጥኖ ለሚከፍል በግማሽ። ማክ ያላቸውም ከዚህ አያመልጡም፤ በ2020 ኢቪልክዌስት የተባለው በታወቁ የማክ ፕሮግራሞች የተሰረቁ ቅጂዎች ውስጥ ተደብቆ ገብቷል። ከእነዚህ የሚብሱት ግን ድምፅ የሌላቸው ናቸው። ብራውዘር ላይ የተቀመጠ ፓስወርድን ይወስዳሉ። ከገባንባቸው አካውንቶች ሳንወጣ የቆየንበትን መለያም ይገለብጣሉ። በዚያ መለያ ሌባው ሁለተኛውን የማረጋገጫ ኮድ ሳይጠየቅ ሊገባ ይችላል።

እኔም ከዓመታት በፊት አንድ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ክራክ ጭኜ ነበር። ፕሮግራሙ በደንብ ሠራ። ሥራዬንም ጨረስኩ። በሦስተኛው ቀን ከኢሜይሌ ለማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ገንዘብ ላኩልኝ የሚል መልእክት ሄደ። አንዲት ዘመዴ እውነት መስሏት ላከች። ያንን ገንዘብ መለስኩላት፤ የተሰማኝ ሐፍረት ግን እስካሁን አለ። ይህን ሁሉ የምጽፈውም በዚያ ምክንያት ነው።

አማራጩ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ አለ። ለፎቶ ጊምፕ፣ ለሥዕል ኢንክስኬፕ፣ ለድምፅ ኦዳሲቲ፣ ለሦስት አውታር ሥራ ብሌንደር አለ። እነዚህ ኦፕን ሶርስ ናቸው፤ ማውረድም ለሌላ መስጠትም ይፈቀዳል። ለቪዲዮ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ስሪት አለው። መጀመሪያ ላይ እጅ አይለምዳቸውም፤ ጊምፕ በተለይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ተማሪ ከሆናችሁ ትምህርት ቤቱ የገዛው ፈቃድ መኖሩን ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው ወደ ክራክ የሚሮጠው። ማውረዱ ግን ሁልጊዜ ከራሱ ከፕሮግራሙ ገጽ ይሁን፤ የነፃ ፕሮግራሞችም የውሸት ገጽ ይሠራላቸዋል።

ሕጋዊው ወገን፦ መከራየት ወይስ መግዛት?

ሕጋዊው መንገድ ሁሉ እኩል አይደለም። በወር የሚከፈልበት አገልግሎት "ዳውንሎድ" የሚል ቁልፍ ቢኖረውም ፋይሉ የኛ አይሆንም። በአፑ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ስፖቲፋይ ለምሳሌ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ላይ እንድንገባ ይጠይቃል። ክፍያው ሲቆም ሁሉም ይሄዳል። ብዙ ለሚሰማና ብዙ ለሚያይ ሰው ይህ ከሁሉም ርካሹ ነው። አንድ ሥራ ደጋግሞ ለሚፈልግ ሰው ግን አይሆንም።

መግዛትም ቢሆን ውሉን ማንበብ ይጠይቃል። በ2009 አማዞን የተሸጡ መጻሕፍትን ኪንድል ከሚባለው የሰዎች መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ ላይ ከርቀት አጠፋቸው። ሻጩ መብት አልነበረውም ተብሎ ነው፣ ገንዘቡም ተመልሷል። ግን ገዢው ጠዋት ሲነሳ መጽሐፉ የለም። የገዛነው የማንበብ ፈቃድን እንጂ መጽሐፉን እንዳልነበር ብዙዎች ያኔ ነው የተረዱት። ፋይሉ እንዳይገለበጥ የሚያግደውን ዲጂታል መቆለፊያ ልስበር ብንል ደግሞ በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ያንን ለብቻው ይከለክላል፣ በገዛነውም ላይ ቢሆን።

ስለዚህ መግዛት የምትፈልጉ ከሆነ እንዲህ ያለ መቆለፊያ የሌለበትን ምረጡ። ለሙዚቃ ባንድካምፕ ፋይሉን አውጥቶ ይሰጣል። ለጌም ጂኦጂ (GOG) እንደዚሁ። ኮፒ አድርገን ሌላ ዲስክ ላይ ብናስቀምጠው ካምፓኒው ነገ ቢዘጋም ይከፈታል። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄኛው መንገድ ነው።

አንድ እውነት አልደብቅም። "በእርስዎ አካባቢ አይገኝም" የሚለው መልእክት ያናድዳል። ለመክፈል ዝግጁ የሆነን ሰው የሚመልስ ገበያ ራሱ ሰውን ወደ ሌላው በር ይገፋል። ይህ ማውረዱን ሕጋዊ አያደርገውም፤ ቅሬታው ግን እውነተኛ ነው። ለአሳታሚው ወይም ለሠሪው መጻፍ አንዳንዴ ይሠራል፣ በተለይ ለትናንሽ ሠሪዎች።

በእውነት ነፃ የሆነው

ጥበቃው ያለፈበት ሥራ የሁሉም ነው። ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከ1971 ጀምሮ እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ሲሰበስብ ቆይቶ ዛሬ ከ70,000 በላይ አለው። ሊብሪቮክስ ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች ድምፅ ያነባቸዋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያደናግራል። አንደኛው፣ ሥራው ነፃ ሆኖ ቀረጻው ላይሆን ይችላል። ቤትሆቨን የሞተው በ1827 ነው፤ ሲምፎኒው የሁሉም ነው። ባለፈው ዓመት ኦርኬስትራ የቀረጸው ግን የቀራጮቹ ነው። ትርጉምም እንዲሁ ነው፤ ጥንታዊ መጽሐፍ በአዲስ ተርጓሚ ከሆነ ተርጓሚው መብት አለው። ሁለተኛው፣ ቀኑ በየአገሩ ይለያል። አሜሪካ ውስጥ በ1929 የታተሙ ሥራዎች ነፃ የሆኑት በጥር 2025 ነው። ሌላ አገር ውስጥ ግን የሚቆጠረው ደራሲው ከሞተበት ዓመት ሊሆን ይችላል።

ሠሪዎች ሥራቸውን ሌላው እንዲጠቀምበት አስቀድመው የሚፈቅዱበት ክሪዬቲቭ ኮመንስ ሌላው ሰፊ ሜዳ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች በ2002 የወጡ ሲሆን ዛሬ ዋናዎቹ ስድስት ናቸው። ሁሉም የሠሪውን ስም እንድንጠቅስ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ለንግድ እንዳይውል፣ አንዳንዱ እንዳይቀየር ይከለክላል። "ክሪዬቲቭ ኮመንስ ነው" ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የትኛው እንደሆነ ማየት ግድ ነው። ደግሞም የሰው ሥራ ሰርቆ ይህን ምልክት የሚለጥፍ አለና ምንጩን እንይ።

ለጥናት ጽሑፍ ፈላጊዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። አርካይቭ (arXiv) የተባለው፣ ከላይ ካልኩት ኢንተርኔት አርካይቭ የተለየው የቅድመ ኅትመት ማኅደር ከ1991 ጀምሮ የፊዚክስና የሒሳብ ጽሑፎችን በነፃ ይሰጣል። በሕክምናው ፐብሜድ ሴንትራል አለ። አንፔይወል የሚባል የብራውዘር ተጨማሪ ደግሞ የጽሑፉን ሕጋዊ ነፃ ቅጂ ይፈልግልናል። እነዚህ ካልሠሩ ለጸሐፊው ኢሜይል ላኩ። አጥኚዎች ጽሑፋቸው ሲነበብ ደስ ይላቸዋል፣ ብዙዎቹም ይልካሉ። ሁለት መስመር የአክብሮት ደብዳቤ ይበቃል።

ሊቢ ከሚባለው አፕ ጋር የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት አባል ከሆናችሁ በአፑ የድምፅና የጽሑፍ መጻሕፍት መዋስ ይቻላል፤ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ይመለሳል።

አስቀድሜ ካወረድኩስ?

የቶረንት ፕሮግራሙን ዝጉት፣ ፋይሉን አጥፉት። ፋይሉ ጠፍቶም ፕሮግራሙ ከበስተጀርባ ሊሠራ ስለሚችል መዘጋቱን አረጋግጡ። ክራክ ከሆነ ግን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ሆናችሁ መጀመሪያ የኢሜይላችሁን፣ ከዚያ የባንኩን ፓስወርድ ቀይሩ። "ከሁሉም መሣሪያ ውጣ" የሚለውን ተጫኑ፤ የተሰረቀው መለያ የሚሰረዘው በዚህ ነው። ኮምፒዩተሩን ፎርማት ማድረግ ከሁሉም የተሻለ ማጽጃ ነው።

የጠበቃ ደብዳቤ ከመጣ አትቅደዱት፣ አትደንግጡም። የውሸት ደብዳቤዎች ስላሉ መጀመሪያ ላኪው በትክክል ያለ ቢሮ መሆኑን አጣሩ፤ ስልኩን ከደብዳቤው ላይ ሳይሆን ራሳችሁ ፈልጋችሁ አግኙት። አብሮ የተላከውን፣ ድርጊቱን አልደግምም የሚል የቃል መግቢያ ወረቀት ወዲያው አትፈርሙ፤ ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ያስራል። እንደ ጀርመን ባሉ አገሮች የሸማቾች ማኅበራት በእንዲህ ያለ ጉዳይ ያማክራሉ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን ግን ዛሬውኑ ምልክት አድርጉበት።